ሞተሩ መጣ፣ ፍሬኑ ቀረ፦ ስለ ሽብር ሕጎቻችን

ቢሮዬ ያለበት ሕንፃ በር ላይ በየቀኑ እፈተሻለሁ። ጥበቃው እጄን ከፍ እንዳደርግ ይነግረኛል። ኪሴን ደበስ ደበስ ያደርጋል። ቦርሳዬን ከፍቶ የምሳ ዕቃዬን ያነሳል፣ ከሥሩ ያለውን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። «እናመሰግናለን፣ ይለፉ» ይላል። አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ይህን ፍተሻ አንድም ቀን ተቃውሜው አላውቅም። እንዲያውም ጥበቃው ተዘናግቶ ዝም ብሎ ያሳለፈኝ ቀን ቅር ይለኛል። ከፊቴ ያለው ባለ ከረባት ሰውዬ፣ ከኋላዬ ያለችው ሻይ አመላላሽ ልጅ፣ ሁላችንም እኩል ነው የምንፈተሸው። ምን እንደሚፈለግ ይታወቃል። የሚፈትሸኝ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሟል። ካጠፋ አለቃው ጋ ሄጄ መናገር እችላለሁ። ደግሞም ያልቃል።

በሽብር ላይ የሚወጣ ሕግም ሲጀምር የሚጠይቀን ይህንኑ ነው። ከነፃነትህ ትንሽ ቀንስልኝ፣ እኔ ደግሞ በሰላም ወጥተህ በሰላም እንድትገባ አደርጋለሁ ይላል። ይህ በራሱ ክፉ ሐሳብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ «ነፃነት ይሻላል ወይስ ደህንነት?» ተብሎ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ እሰማለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ፈታሹን ማን ያየዋል? ፍተሻውስ መቼ ነው የሚያልቀው?

ስጋቱ እውነት ነው። በሰኔ 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ሲገቡ መንገድ ላይ ተተኮሰባቸው። በ1988 ዓ.ም. ጊዮን ሆቴልና ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞተ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የተጫወቱበት ዕለት ነው። ስታዲየም ያልገባው ሰው ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። በዚያው ቀን ቦሌ አካባቢ አንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ፈንጂ ፈነዳ። የሞቱት ፈንጂውን ይዘው የነበሩት ሁለት ሶማሊያውያን ራሳቸው ናቸው። መንግሥት እንደተናገረው ያለሙት ኳስ ሊያይ የወጣውን ሕዝብ ነበር። ያን ቀን ፈንጂው ቀድሞ ባይፈነዳባቸው ኖሮ ዛሬ ስንት ቤት ሻማ ይበራ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ላይ አይኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ 30 ገደማ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ቪዲዮውን ለቀቀ። ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተጣለ። ኑሮን ሊያሸንፉ የወጡ የሰፈር ልጆች ነበሩበት። ሚያዝያ 14 ቀን መንግሥት በጠራው ሰልፍ ሕዝቡ መስቀል አደባባይ ወጣ። ሐዘኑ ቁጣ ነበረበት፣ ቁጣው ደግሞ ወደ መንግሥትም ዞረ። ብዙም ሳይቆይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ዱላ ወረደ፣ ሰው ታሠረ። የዚያን ቀን ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። አሸባሪ ወንድሙን የገደለበት ሰው፣ አልቅሶ ሳይወጣለት፣ በገዛ አገሩ ፖሊስ ተመታ። ስለ ሽብር ሕግ ባሰብኩ ቁጥር ያ አደባባይ ነው የሚመጣብኝ።

ያኔ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። ሰኔ 30 ቀን 2001 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ትችቱ ሲበዛ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2004 ዓ.ም. ምክር ቤት ቀርበው መልስ ሰጡ። ሕጉ እንደ እንግሊዝ ካሉ ልምድ ካላቸው አገሮች ቃል በቃል የተወሰደ ነው አሉ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግልጽ ነበር። እዚያ ሲሆን ዴሞክራሲ የተባለ ሕግ፣ እዚህ ሲመጣ ለምን አፈና ይባላል?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን እንያቸው።

ሽብርን ማበረታታት የተባለውን ወንጀል እንውሰድ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ወይም ጽሑፍ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ማበረታቻ ነው ተብሎ በተወሰኑ ሰዎች እንኳ ሊተረጎም የሚችል ከሆነ ያስጠይቅ ነበር። የእኛ አንቀጽ 6 ይህንኑ አነጋገር ወስዷል። የእንግሊዙ ግን ቀጥሎ አንድ ነገር ይጨምራል። ተናጋሪው ይህ እንዲሆን አስቦ፣ ወይም ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ግድ ሳይሰጠው የተናገረ መሆን አለበት ይላል። ይህቺ ቁራጭ እኛ ጋ አልመጣችም። ቅጣቱ እዚያ ያኔ ከፍ ቢል 7 ዓመት ነበር። እኛ ጋ ትንሹ 10፣ ትልቁ 20 ዓመት ሆነ።

ወደ እስሩ እንምጣ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ የሽብር ተጠርጣሪን ሳይከስሱ ማቆየት የሚቻለው ቢበዛ 28 ቀን ነበር። በኋላ ወደ 14 ቀን ዝቅ ተደርጓል። በእኛ አንቀጽ 20 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው የምርመራ ጊዜ ከ28 ቀን አያንስም። ሲደማመር እስከ 4 ወር ይሄዳል። ቁጥሩ ያው 28 ነው። እዚያ ጣሪያ የነበረው እዚህ ወለል ሆነ። ዳኛው «10 ቀን ይበቃሃል» ማለት ቢፈልግ እንኳ ሕጉ እጁን አስሮታል።

ይህ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ችሎት ውስጥ ምን እንደሚመስል ያየሁት በ2008 ዓ.ም. ነው። የጎረቤቴ ልጅ በሽብር ተጠርጥሮ ተያዘ። እናቱን እትዬ ነው የምንላቸው። ለጊዜ ቀጠሮው ይዣቸው ሄድኩ። ስንቁን በፔስታል ይዘዋል። እንጀራው እንዳይደርቅ በፎጣ ጠቅልለውታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በረንዳው ላይ ቆምን። ልጁ ወደ 5 ሰዓት ገደማ መጣ። ችሎቱ ጠባብ ነው፣ እኛ በሩ ጋ ተጣበን ቆምን።

መርማሪው ከወረቀት ላይ አነበበ። ግብረ አበር አልተያዘም። የምስክሮች ቃል ይቀረናል። የቴክኒክ ምርመራ ውጤት አልመጣም። ልጁ ጠበቃ አልነበረውም። የሚለው ነገር እንዳለ ተጠየቀ። «ምን እንዳጠፋሁ አልተነገረኝም» አለ። ዳኛው በእጃቸው ጻፉ። 28 ቀን። ይህ ሁሉ አቦል ፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም። እትዬ አልሰሙም ነበር። «ስንት አሉት ልጄ?» አሉኝ። ስነግራቸው ፔስታሉን አዩት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ያው ሦስት ምክንያት፣ በያው ቅደም ተከተል ተነበበ። መርማሪውን «ባለፈው በተሰጠህ 28 ቀን ምን ሠራህ?» ያለው ሰው አልነበረም። ልጁ ሦስተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ ያለ ክስ ተለቀቀ። ይቅርታ አልተባለም። ሥራው ሄዷል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ሰው ዝም ብሎ አይታሠርም» የሚል ሹክሹክታ ቀረ። ዕድር ላይ እትዬ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ቀነሰ። የሽብር ክስ ከሌላው ክስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ብቻውን ይቀጣል።

የአዋጁ አንቀጽ 23 ደግሞ የስለላ ሪፖርት ምንጩም ሆነ የተገኘበት መንገድ ሳይገለጽ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ማን እንዳለብህ፣ እንዴት እንዳወቀ፣ የት ሆኖ እንዳየህ ካልተነገረህ ምኑን ይዘህ ትከራከራለህ? ጠበቃህስ መስቀለኛ ጥያቄ ለማን ያቀርባል? ለወረቀቱ?

ዞን 9 የሚባሉትን ጦማሪዎች ብዙዎቻችን እናስታውሳቸዋለን። ስማቸውን ያገኙት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ግቢው ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ነን ለማለት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች መያዝ ጀመሩ። ከክሱ መካከል ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከሰርጎ ገቦች መጠበቅ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ይገኝበታል። ዛሬ የትኛውም ባንክ ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ዓይነት ሥልጠና ነው። ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀሩት የአምስቱ ክስ ተነሣ። የቀሩት ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ወደ 18 ወር አልፎ ማለት ነው። የእንግዳ መምጫ ቀን ሲቃረብ ክሱ የሚነሣለት ሰው፣ ፊቱንስ ለአገር የሚያሰጋ ነበር?

በዚያው ሰሞን የሙስሊሙን ማኅበረሰብ ጥያቄ ለመንግሥት እንዲያቀርብ የተመረጠው ኮሚቴ አባላት ታሥረው ነበር። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈርዶበት ወደ ስድስት ዓመት ተኩል ታሥሯል። ጋዜጠኞቹ ርዕዮት ዓለሙና ውብሸት ታዬ መጀመሪያ እያንዳንዳቸው 14 ዓመት ተፈረደባቸው። ዝርዝሩ ረጅም ነው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ለደህንነታችን ምን ጨመረ?

እስቲ ወደ ቦሌው ኪራይ ቤት እንመለስ። እንደዚያ ዓይነት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ያከራየው ሰውዬ ነው። ያገናኘው ደላላ ነው። ማታ ማታ መብራቱ እንደማይጠፋ የምታየው ከፊት ለፊት ያለችው ባለ ሱቅ ናት። ሽብርን የሚያከሽፍ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ተራ ሰው ስልኩን አንስቶ ሲደውል ነው። ሰው የሚደውለው ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለውን ሲያምን ነው። ዛሬ እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ያለ ተከራይ ቢያጠራጥራቸው ለፖሊስ ይደውላሉ? እኔ አይመስለኝም። እሳቸውን የመሰሉ ስንት እናቶች አሉ? ሌላም አለ። የመርማሪ ጊዜ ውስን ነው። የጦማሪ ኢሜይል ሲያገላብጥ የዋለ መርማሪ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር እያየ አይደለም።

እንግሊዞቹም ይህን የተማሩት በመሳሳት ነው። አንድ የሕጋቸው ክፍል ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ መንገደኛን አስቁሞ እንዲፈትሽ ይፈቅድ ነበር። በ2009/10 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ፍተሻ ተደረገ። ከዚያ ሁሉ ሰው በሽብር ወንጀል የተያዘ አንድም አልነበረም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሥልጣኑን መብት የሚጥስ ነው አለው፤ መንግሥትም ተወው። ያ ቁጥር ታትሞ ወጥቶ ሕዝቡ አየው። እኔ የምቀናው በዚህ ነው። ስህተቱ ተቆጠረ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ከሐምሌ 7 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. የለንደን ጥቃት በኋላ ተጠርጣሪን ያለ ክስ 90 ቀን ማሰር እንፈልጋለን ብለው ነበር። 52 ሰው የሞተበት ጥቃት ነው፣ ሕዝቡ ደንግጧል፣ ካለፈ ገና አራት ወር ገደማ ነው። በኅዳር 2005 እ.ኤ.አ. ፓርላማው 322 ለ291 ድምፅ እምቢ አለ። ከእምቢተኞቹ ውስጥ የራሳቸው ፓርቲ አባላት ነበሩበት። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች የውጭ ዜጎችን ያለ ፍርድና ያለ ጊዜ ገደብ ማሰር ከሰብዓዊ መብት ጋር ይጋጫል ብለው 8 ለ1 ወስነዋል። የሽብር ሕጎቹን አፈጻጸም ከመንግሥት ነፃ ሆኖ የሚገመግም ሰውም አላቸው። ምሥጢራዊ ሰነድ ማየት ይፈቀድለታል። ሪፖርቱ ፓርላማ ይቀርባል፣ ማንም ያነበዋል።

መለስ ቃል በቃል ተቀዳ ያሉት ሕግ በዚህ ሁሉ የተከበበ ነበር። እምቢ የሚል ፓርላማ፣ የማይፈራ ዳኛ፣ ሰነድ የሚገልጥ ገምጋሚ፣ ቁጥር የሚያወጣ መሥሪያ ቤት። እነዚህ በአንቀጽ አይቀዱም። ሞተሩን አመጣን፣ ፍሬኑ እዚያው ቀረ። በቁልቁለት መንገድ ላይ ይህ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

«እንግሊዝ ሀብታም ናት፣ ደሴት ናት፣ ከእኛ ጋር አትወዳደርም» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። ያው አልሸባብ፣ ያው ረጅም የሶማሊያ ድንበር። በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ውስጥ 67 ሰው ተገደለባቸው። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. መንግሥት ጠንካራ የፀጥታ ሕግ አወጣ። ተቃዋሚዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስምንት አንቀጾችን ሻረ። ጋዜጠኞችን የሚያስር አንቀጽ ነበረበት። የስደተኞችን ቁጥር በ150 ሺህ የሚገድብም ነበረበት።

ከአንድ ወር በኋላ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃ። 148 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች። ይህን መዝለል አልፈልግም፣ ምክንያቱም «አያችሁ! ሕጉን ሻራችሁ፣ ልጆቹ አለቁ» የሚል ክርክር ከዚህ ይነሣል። ግን ጋሪሳ ላይ የጎደለው ምን ነበር? የፖሊሱ ልዩ ኃይል ከናይሮቢ ተነሥቶ ግቢው እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ፈጀበት። ጋዜጠኛ የማሰር ሥልጣን ቢኖር ያንን ኃይል በአንድ ደቂቃ አያፈጥነውም ነበር። ተማሪዎቹ የጎደላቸው ቶሎ የሚደርስላቸው ሰው ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። 2010 ዓ.ም. ላይ ነገሩ ተገለበጠ። እነ እስክንድር፣ እነ አንዱዓለም አራጌ ወጡ። ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ። ሰኔ 28 ቀን ምክር ቤቱ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከሽብርተኛ ዝርዝር ሰረዘ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ወር ምክር ቤት ቀርበው፣ ዜጋን ማሠቃየትና ያለ አግባብ ማሰር ራሱ የመንግሥት ሽብር መሆኑን ተናገሩ። እኔ ያንን በቴሌቪዥን ሳይ እንባዬ መጥቷል። አላፍርበትም።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ጸደቀ። ከቀድሞው በብዙ ይሻላል። የሥራ ማቆም አድማ ወይም ሰላማዊ ሰልፍ የሕዝብ አገልግሎት ቢያስተጓጉል እንኳ በሽብር እንደማያስከስስ በግልጽ ጽፏል። በተዘዋዋሪ ማበረታታት የሚለው ልቅ አነጋገር ወጥቷል። መግቢያው ላይ የቀድሞው ሕግ በመብት ላይ ክፍተት እንደነበረው ያምናል። የሠሩት የሕግ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል፣ ከልቤ ነው።

ሕጉ ተሻሻለ፣ ፍሬኑ ግን አሁንም በቦታው የለም። እስክንድር ነጋን እንይ። በአሮጌው ሕግ ተፈረደበት፣ ወጣ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንደገና ታሥሮ በአዲሱ ሕግ ተከሰሰ። ፖለቲከኛው በቀለ ገርባም እንዲሁ፣ በሁለቱም ሕጎች። ሁለቱም ከታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በገና ሰሞን፣ ለብሔራዊ ምክክር ሲባል ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ። ደስ ብሎኛል። ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ። በአሮጌውም የሚያስረው ፖለቲካ፣ በአዲሱም የሚያስረው ፖለቲካ፣ በሁለቱም የሚፈታው ፖለቲካ ከሆነ፣ ዳኛው መሀል ላይ ምን ሲሠራ ነበር?

ድርጅትን መፈረጅም እንደዚያው ነው። በሁለቱም ሕጎች የሚፈርጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት አቅርቦ የተወካዮች ምክር ቤት በድምፁ ነው። ግንቦት 7 ሽብርተኛ ተባለ፣ ተሰረዘ፣ መሪው ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የመጀመሪያው አዋጅ ሲወጣ የገዢው ግንባር አውራ የነበረው ሕወሓት፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በተተኪው አዋጅ ራሱ ሽብርተኛ ተብሎ ተፈረጀ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈራረመ፣ መጋቢት 13 ቀን ስሙ ተሰረዘ። አባቶች ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ይህን የምለው በማንም ለመሳለቅ አይደለም። በዚያ ጦርነት የሞተው የሁላችንም ሰው ነው። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የዚህን ሕግ ፍሬን የሚያጠብቀው ለራሱ ነው ለማለት ነው።

ፍረጃ ሰውን ያድናል ወይ? ከሕወሓት ጋር «ሸኔ» የሚባለውም በዚያው ቀን ተፈርጇል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሕፃናትና ሴቶች ሳይቀሩ፣ በአንድ ቀን ተገደሉ። መንግሥት ያንኑ ቡድን ከሰሰ፣ ቡድኑ አልገደልኩም አለ። የቶሌ ሰዎች የመኖር መብት ከመብቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ስለ ነፃነት የሚጽፍ ሰው እነሱን ከዘለለ ቃሉ ዋጋ የለውም። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የፍረጃ ወረቀት ግን መንደራቸው መግቢያ ላይ ቆሞ አልጠበቃቸውም።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ ነገር አለ። የሽብር ሕጉ ሲጠብ ሥልጣኑ በሌላ በር ወጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው በሩ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አዋጁ ሲታወጅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ተያዘ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በመግለጫው አሳወቀ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩ መብቶችን ዘርዝሯል። ሰው በዘሩ ሳይለይ እኩል መሆኑን የሚደነግገው አንቀጽ 25 አንዱ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል በታወጀው ደግሞ ሰው እስከ አዋሽ አርባ ተወስዶ ታሠረ። ያለመከሰስ መብት ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ቀድሞ ታሥሮ፣ መብቱ የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። ሕግ አውጪው ራሱ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ የእትዬ ልጅ ምን ተስፋ አለው?

ውጭ አገር ያላችሁም ነገሩ አይመለከተንም እንዳትሉ። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ውስጥ የስለላ ሶፍትዌር አገኘ። በኢሜይል የመጣ ሰነድ ሲከፈት ነው የገባው። የስካይፕ ጥሪዎቹን ለወራት ሲቀዳ ነበር። ሰውየው ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በ2017 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አትችልም ብሎ ዘጋው። እዚህ ያለው ዳኛ ሊያየው አይደፍርም፣ እዚያ ያለው ዳኛ ሥልጣን የለኝም አለ። ቤቱ ሆኖ በስካይፕ ያወራውን ማን እንደሰማ የሚጠይቅለት አካል በዓለም ላይ አጣ።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የጎደለውን ማየት ይቻላል። ዳኛው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ያለፈው ጊዜ ምን እንደተሠራበት ጠይቆ መልሱን መዝገብ ላይ ማስፈር ይችላል፣ ለዚህ አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልገውም። ይህን የሚጠይቁ ዳኞች አሉን። አንዳንዴ የ14 ቀን ጥያቄ መጥቶ 5 ቀን የሚሰጡ፣ ዋስትናም የሚፈቅዱ። ከዚያ ፖሊስ ዋስትናውን ይግባኝ ይላል፣ ወይም ጭራሽ ሰውየውን አይለቅም። የዳኛ ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ኃላፊ ተጠይቆ እስካላየን ድረስ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ፍረጃም ቢሆን በየጊዜው በፍርድ ቤት የሚታይበት መንገድ ቢኖር ከፖለቲካው ንፋስ ትንሽ ይርቃል። በስህተት የታሠረ ሰው ደግሞ ሥራውን የሚመልስለት፣ ቢያንስ «ነፃ ነህ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ያስፈልገዋል። ያቺን ወረቀት ይዞ ዕድሩ ላይ ቢያሳይ ለእናቱ ስንት ነበር!

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው። ምክር ቤቱ አንድ ከመንግሥት ነፃ የሆነ ሰው ይሹም። መዝገቦቹን የማየት ሥልጣን ይስጠው። በየዓመቱ አንድ ሪፖርት ያውጣ። በሽብር ተጠርጥሮ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንቱ ተከሰሰ፣ ስንቱ ተፈረደበት፣ ስንቱ ያለ ክስ ተለቀቀ፣ ከመለቀቁ በፊትስ ስንት ቀን ቆየ። ምሥጢር አይወጣም፣ ምንጭ አይጋለጥም፣ ቁጥር ብቻ ነው። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም ይታተም።

እትዬ ማንበብ አይችሉም። እኔ አነብላቸዋለሁ።